የክሪፕቶ ቁጠባና የምንዛሪው ኬላ

መግቢያ

ገንዘብ ያለው ሰው ሀብቱን በቁጥር ይናገራል። ነገር ግን «ይህን ያህል አለኝ» ብሎ የሚጠራው ቁጥር ሁል ጊዜ በእጁ ሊገባ ከሚችለው ገንዘብ ጋር እኩል አይደለም። በሁለቱ መካከል ያለው ልዩነት በማናቸውም ዘመን የታየ ነው፤ ከ2009 ወዲህ ግን ክሪፕቶ በሚባለው የኤሌክትሮኒክ ገንዘብ ላይ ከቀድሞው ይልቅ ጐልቶ ወጥቷል። የዚህ አጭር ጥናት ዓላማ ክሪፕቶ መልካም ነው ወይም ክፉ ነው ብሎ መፍረድ አይደለም። ቁጠባቸውን በዚህ ገንዘብ ያስቀመጡ ሰዎች ወደ ዶላር፥ ወደ የን ወይም ወደ ሌላ መደበኛ ገንዘብ ሊለውጡት በፈለጉ ጊዜ ምን እንዳጋጠማቸው በዘመን ቅደም ተከተል ለመመርመር ነው።

ከምርመራችን ያገኘነውን አስቀድመን ብንናገር ለአንባቢ ይቀላል። በእኛ አስተያየት የእንዲህ ያለ ቁጠባ ዋጋ የሚወሰነው በገበያ ሰሌዳ ላይ በተጻፈው ቁጥር ብቻ አይደለም። ከአንዱ ገንዘብ ወደ ሌላው የሚያሻግር ኬላ አለ፤ ዋጋውን በመጨረሻ የሚቈርጠው ኬላውን የያዘው ወገን ነው። ኬላው ክፍት ሲሆን ሰው መኖሩን እንኳ ይረሳል፤ በተዘጋ ቀን ግን ከሰሌዳው ቁጥር የሚበልጥ ኃይል እንዳለው ይታወቃል።

በዚህ ጽሑፍ የሚጠቀሱት ዓመታት በአውሮፓ አቈጣጠር ናቸው፤ የኢትዮጵያ አቈጣጠር ሲሆን «ዓ.ም.» እንጨምርበታለን።

፩. አሞሌና ጠገራ

አዲሱን ነገር ከመመልከታችን በፊት በአገራችን የታወቀውን አሮጌ ነገር ማስታወስ ይጠቅማል፤ ምክንያቱም አንዱን ገንዘብ ወደ ሌላው የመለወጥ ችግር ለኢትዮጵያ ነጋዴ እንግዳ አልነበረምና ነው። አሞሌ ከአፋር ረባዳ ምድር ተቈርጦ፥ በግመልና በበቅሎ ወደ ደጋው እየወጣ ለብዙ መቶ ዓመታት እንደ ገንዘብ አገልግሏል። በ1520 ከፖርቱጋል መልእክተኞች ጋር ወደ ኢትዮጵያ የመጣው ቄስ ፍራንሲስኮ አልቫሬዝ እንደ ጻፈው፥ ጨው በሚቈረጥበት ስፍራ በአንድ ድራም ወርቅ ከመቶ በላይ አሞሌ ይገኝ ነበር፤ በንጉሠ ነገሥቱ ሠፈር ግን በዚያው ወርቅ የሚገኘው ስድስት ወይም ሰባት ብቻ ነበር። ጨዉ ያው ጨው ነው። ዋጋውን የለወጠው በመካከል ያለው መንገድ፥ በመንገዱም ላይ ያለው ድካምና ቀረጥ ነው። ስለዚህ አንድ ነጋዴ «መቶ አሞሌ አለኝ» ቢል፥ «የት?» ተብሎ እስካልተጠየቀ ድረስ ሀብቱ አይታወቅም ነበር።

ሁለተኛው ምሳሌ ሕዝቡ ጠገራ የሚለው የማርያ ትሬዛ ብር ነው። ይህ ብር በኋለኞቹ ዘመናት ሁሉ ሲመታ 1780 የሚለው ዓመት አልተለወጠበትም፤ ክብደቱ 28 ግራም ያህል ሲሆን፥ ከሺው 833 እጁ ንጥረ ብር ነው። ዳግማዊ ዐፄ ምኒልክ በ1887 ዓ.ም. በመልካቸው ብር ቢያስመቱም፥ ሕዝቡ በለመደው ጠገራ መገበያየቱን አልተወም። በ1905 በተደረገው ውል የተቋቋመው የሐበሻ ባንክም በ1915 የወረቀት ገንዘብ ሲያወጣ፥ ወረቀቱን የሚቀበሉት ጥቂቶች ነበሩ። ኢጣልያኖች በ1936 አገሩን በያዙ ጊዜ ሊሬን በግድ ለማስለመድ ሞከሩ፤ ሕዝቡ ግን ጠገራውን እየሸሸገ ስላስቸገራቸው የጠገራውን ምንዛሪ ደጋግመው ለመጨመር ተገደዱ። ከነጻነት በኋላ ሐምሌ 16 ቀን 1937 ዓ.ም. የኢትዮጵያ ዶላር የተባለው ወረቀት ሲወጣ፥ የሃምሳ ሳንቲሙ ከብር እንዲሠራ ተደረገ፤ ለዚህም የሚያስፈልገው ብር ከአሜሪካ መንግሥት በውሰት ተገኘ። ይህ የተደረገው ሕዝቡ በብር ማዕድን ላይ የነበረውን እምነት በማሰብ ነው።

ከነዚህ ምሳሌዎች ሁለት ነገሮች እንማራለን። አንደኛው፥ ያው ዕቃ ከኬላው ባለው ርቀት መጠን ዋጋው ይለያያል። ሁለተኛው፥ ኬላውን በኃይል የያዘ መንግሥት እንኳ የሕዝቡን እምነት ካላገኘ ምንዛሪውን እንደ ወደደ ሊወስን አይችልም። እነዚህን ሁለት ነገሮች ይዘን ወደ ተነሣንበት ጉዳይ እንሻገር።

፪. የመጀመሪያው ምንዛሪ

ከክሪፕቶ ገንዘቦች የመጀመሪያውና ዋነኛው ቢትኮይን ነው። አሳቡ የቀረበው ሳቶሺ ናካሞቶ በሚል ስም በኦክቶበር 31 ቀን 2008 በወጣ አጭር ጽሑፍ ሲሆን፥ ሥራው የተጀመረው በጃንዋሪ 3 ቀን 2009 ነው። አሠራሩ ባጭሩ እንዲህ ነው። በዓለም ላይ የተበተኑ ብዙ ኮምፒዩተሮች አንድ ዓይነት የሒሳብ መዝገብ ይይዛሉ፤ በመዝገቡ ላይ ማን ለማን ምን ያህል ሳንቲም እንዳስተላለፈ ይጻፋል። ባለንብረቱ ሳንቲሙን የሚያዝዘው ቁልፍ በሚባል ምስጢራዊ ቁጥር ነው። መዝገቡን በሒሳብ ሥራ የሚያጸኑ ሰዎች አዲስ ሳንቲም በዋጋ መልክ ያገኛሉ፤ ይህም ብዙ የኤሌክትሪክ ኃይል ይፈጃል። የሳንቲሙ ጠቅላላ ቁጥር ከ21 ሚሊዮን እንዳያልፍ ተወስኗል።

እዚህ ላይ ለጥናታችን መሠረት የሆነ አንድ ነገር እናስተውላለን። በዚህ መዝገብ ውስጥ ዶላር የለም፤ ብርም የለም። መዝገቡ የሚያውቀው ራሱን ቢትኮይንን ብቻ ነው። ስለዚህ ወደ መደበኛ ገንዘብ የሚደረግ ለውጥ ሁሉ የግድ ከመዝገቡ ውጭ፥ በሰው ወይም በድርጅት አማካይነት የሚፈጸም ነው። ቢትኮይንን የፈጠሩት ሰዎች በመካከል ማንም ሳይገባ ገንዘብ ለማስተላለፍ አስበው ነበር። በእርግጥም በመዝገቡ ውስጥ ይህ ተሳክቷል። ከመዝገቡ ለመውጣት ግን አማላጅ ያስፈልጋል፤ ክርክሩ ሁሉ የተነሣው ከዚህ ነው።

በመጀመሪያው ዓመት ሳንቲሙ የታወቀ ዋጋ አልነበረውም። ኒው ሊበርቲ ስታንዳርድ የሚባል የመለወጫ አገልግሎት በኦክቶበር 5 ቀን 2009 የመጀመሪያውን ምንዛሪ አስታወቀ፤ ይኸውም በአንድ የአሜሪካ ዶላር 1,309.03 ቢትኮይን ነበር። ቁጥሩ የተገኘው ሳንቲሙን ለማውጣት የሚፈጀው የኤሌክትሪክ ሒሳብ ታስቦ ነው። ከአንድ ሳምንት በኋላ፥ በኦክቶበር 12 ቀን፥ ማርቲ ማልሚ የተባለ የሄልሲንኪ ተማሪ 5,050 ቢትኮይን ለዚሁ አገልግሎት ሸጦ በፔይፓል አማካይነት 5 ዶላር ከ2 ሳንቲም ተቀበለ። ክሪፕቶ ወደ መደበኛ ገንዘብ እንደ ተለወጠ የሚታወቀው የመጀመሪያው ድርጊት ይህ ነው። ድርጊቱ ትንሽ ቢሆንም ሙሉ ነው፤ ሻጭ አለ፥ ገዢ አለ፥ ገንዘቡን የሚያሻግር የታወቀ ድርጅትም አለ። ከሦስቱ አንዱ ቢጐድል ማልሚ አምስቱን ዶላር አያገኝም ነበር።

በሜይ 22 ቀን 2010 የተፈጸመውና በሁሉ ዘንድ የታወቀው ግዢም ይህንኑ ያስረዳል። ላስሎ ሃኔች የተባለ በፍሎሪዳ የሚኖር የኮምፒዩተር ባለሙያ በ10,000 ቢትኮይን ሁለት ፒዛ ገዛ ይባላል። በጥንቃቄ ሲታይ ግን ፒዛ ቤቱ ቢትኮይን አልተቀበለም። ሌላ ሰው ፒዛውን በመደበኛ ገንዘብ ከፍሎ እንዲላክለት አደረገ፤ ሳንቲሞቹን የወሰደው ይኸው ሰው ነው። ስለዚህ ብዙዎች እንደ መጀመሪያ የቢትኮይን ግብይት የሚቈጥሩት ድርጊት በእውነቱ ምንዛሪ ነበር፤ በመካከሉ የቆመውም አንድ ፈቃደኛ ግለሰብ ነው።

፫. የቶኪዮው ገበያ

የሻጩና የገዢው ቁጥር እየበዛ ሲሄድ በግለሰብ ፈቃድ ላይ የቆመው አሠራር አልበቃም። ጄድ መኬሌብ የተባለ አሜሪካዊ በጁላይ 2010 ማውንት ጎክስ የተባለውን የመለዋወጫ ገበያ ከፈተ፤ በ2011 ደግሞ በጃፓን ለሚኖረው ፈረንሳዊ ለማርክ ካርፔሌስ አስተላለፈው። በ2013 ከዓለም የቢትኮይን ንግድ 70 በመቶ ያህሉ መቀመጫው ቶኪዮ በሆነው በዚህ ገበያ ያልፍ ነበር።

የእንዲህ ያለ ገበያ አሠራር ሦስት ደረጃ አለው። በመጀመሪያ ደንበኛው ሳንቲሙን ለገበያው ያስረክባል፤ ቁልፉም ከዚያ በኋላ በገበያው እጅ ነው። ቀጥሎ በሰሌዳው ላይ ገዢ ሲገኝ ሳንቲሙ ይሸጥና በደንበኛው ስም ይህን ያህል ዶላር ተብሎ ይጻፋል። በመጨረሻ ደንበኛው ሲጠይቅ ገበያው በባንክ በኩል ገንዘቡን ይልክለታል። ብዙ ሰው ሁለተኛው ደረጃ ሲፈጸም ቁጠባዬን ወደ ገንዘብ ለወጥሁ ይላል። ነገር ግን በሁለተኛው ደረጃ የተገኘው ነገር ገንዘብ ሳይሆን፥ ገበያው የደንበኛው ባለዕዳ መሆኑን የሚያስረዳ ጽሕፈት ነው። መለወጥ የሚፈጸመው በሦስተኛው ደረጃ ነው።

ይህ ልዩነት የቃል ጨዋታ እንዳይመስል በማውንት ጎክስ የሆነውን እንመልከት። በሜይ 2013 የአሜሪካ ባለሥልጣኖች፥ ገበያው ገንዘብ ለማስተላለፍ የሚያስፈልገውን ምዝገባ አልፈጸመም በማለት፥ በአሜሪካ ከነበረው ሒሳቡ ከ5 ሚሊዮን ዶላር በላይ ያዙ። በጁን ወር ገበያው ለጊዜው የዶላር ክፍያ አቆመ፤ ከቀጠለም በኋላ ክፍያው እጅግ የዘገየ ሆነ። ከዚህም የተነሣ አንድ እንግዳ ነገር ታየ። በማውንት ጎክስ ሰሌዳ ላይ የቢትኮይን ዋጋ በሌሎች ገበያዎች ካለው ዋጋ በላይ ወጣ። ምክንያቱ ግልጽ ነው፤ ዶላራቸው በገበያው ውስጥ የታሠረባቸው ሰዎች በውድ ዋጋም ቢሆን ቢትኮይን ገዝተው በዚያ በኩል መውጣትን መረጡ። ሁኔታውን የማያውቅ ሰው ሰሌዳውን አይቶ «ዋጋው ከሌላው ቦታ ይሻላል፥ እዚህ ልሽጥ» ቢል፥ ከፍተኛው ዋጋ ራሱ የመዘጋቱ ምልክት መሆኑን አላስተዋለም ማለት ነው።

በፌብሩዋሪ 7 ቀን 2014 ደግሞ ሁለተኛው መውጫ ተዘጋ፤ ገበያው ቢትኮይን ማውጣትንም ከለከለ። ያን ጊዜ ዋጋው ተገላበጠ። በማውንት ጎክስ ሰሌዳ ላይ ያለው ቢትኮይን በሌሎች ገበያዎች ካለው ከግማሽ በታች ወረደ። ሳንቲሙ ያው ሳንቲም ነው፤ ዋጋው በጥቂት ወራት ውስጥ አንድ ጊዜ ከሌላው በላይ፥ አንድ ጊዜ ከሌላው በታች የሆነው የመውጫው ሁኔታ ስለ ተለወጠ ነው። ከእንግሊዝ አገር ድረስ የተጓዘ አንድ ባለገንዘብ በዚያ ወር ብርድ በድርጅቱ ሕንፃ ፊት ሰሌዳ ይዞ ቆሞ ገንዘባችን የት አለ እያለ ይጠይቅ ነበር። በፌብሩዋሪ 28 ቀን ድርጅቱ በቶኪዮ ፍርድ ቤት ኪሳራውን አስታወቀ፤ የጠፋው 850,000 ያህል ቢትኮይን መሆኑ ተነገረ። ከዚህ ውስጥ 200,000 ያህሉ በኋላ ተገኝቷል።

ከዚህ በኋላ የተነሣው ጥያቄ ለታሪክ ተማሪ ከኪሳራው ራሱ ይበልጥ ያስተምራል። የባለገንዘቦቹ ድርሻ በየትኛው ቀን ዋጋ ይታሰብ? በጃፓን የኪሳራ ሕግ መሠረት ድርሻው በአፕሪል 2014 ዋጋ፥ ማለት በአንድ ቢትኮይን 483 ዶላር ያህል፥ በየን ተሰልቶ ተወሰነ። በ2017 መጨረሻ ግን የቢትኮይን ዋጋ ወደ 20,000 ዶላር ቀረበ። ንብረት ጠባቂው ከተገኙት ሳንቲሞች ከፊሉን ሲሸጥ፥ በድሮው ዋጋ የተሰላውን ዕዳ ሁሉ ከፍሎ የሚተርፍ ገንዘብ እጁ ገባ፤ ትርፉም በሕጉ መሠረት ለባለገንዘቦቹ ሳይሆን ለድርጅቱ ባለቤቶች ሊደርስ ሆነ። ባለገንዘቦቹ ይህን ተቃውመው አመለከቱ፤ በጁን 2018 የቶኪዮ ፍርድ ቤት ጉዳዩ ከኪሳራ ሥርዓት ወደ ማቋቋሚያ ሥርዓት እንዲዛወርና ክፍያው በሳንቲም ጭምር እንዲሆን ፈቀደ። በሳንቲም የሚደረገው ክፍያ የተጀመረው በጁላይ 2024 ነው፤ ከተዘጋ ከዐሥር ዓመት በኋላ ማለት ነው።

እዚህ ላይ አንድ እውነት ሳንጠቅስ ማለፍ ታሪኩን ማጣመም ይሆናል። በ2024 አንድ ቢትኮይን ከ50,000 ዶላር በላይ ያወጣ ስለ ነበር፥ ካስረከበው ሳንቲም ጥቂቱ ብቻ የተመለሰለት ሰው እንኳ በዶላር ሲታሰብ በ2014 ከነበረው ይበልጥ አገኘ። ስለዚህ የተዘጋው ኬላ አንዳንዶችን በግድ ባለጸጋ አድርጓል። ነገር ግን ይህ ሰው በ2014 ገንዘቡ ያስፈለገው ለሕክምና ወይም ለልጅ ትምህርት ከነበረ፥ ከዐሥር ዓመት በኋላ የመጣው ብዙ ገንዘብ ያን ጊዜ የጐደለውን ጥቂት ገንዘብ አይተካለትም። ቁጠባ ማለት በተፈለገ ጊዜ የሚገኝ ገንዘብ ነውና።

፬. ከኬላው ወዲህ ያለ ማደሪያ

ሰዎች ከዚህ ዓይነቱ ችግር ለመሸሽ ካሰቧቸው ዘዴዎች አንዱ ዋጋው ከዶላር ጋር እኩል እንዲሆን የታሰበ ክሪፕቶ ነው። ከነዚህ የታወቀው ቴዘር በ2014 ተጀመረ። ባለቢትኮይኑ ዋጋው ይወርዳል ብሎ ሲፈራ ቢትኮይኑን ወደ ቴዘር ይለውጣል፤ በዚህም ባንክ ሳይነካ ሀብቱን በዶላር ልክ ያስቀምጣል። ጥቅሙ የማይካድ ነው። ነገር ግን ይህ ኬላውን ማለፍ ሳይሆን፥ ኬላው አጠገብ ከሚገኝ ማደሪያ ማደር ነው። ማደሪያውም ሁሉ አንድ ዓይነት አይደለም። ቴራ የሚባለው በዶላር ልክ የተሠራ ክሪፕቶ ከበስተኋላው በዶላር የተቀመጠ በቂ መያዣ ስላልነበረው፥ በሜይ 2022 በጥቂት ቀኖች ውስጥ ከአንድ ዶላር ወደ ጥቂት ሳንቲም ወረደ።

በዚያው ዓመት በኖቬምበር ወር መቀመጫው በባሃማስ የነበረው ኤፍ ቲ ኤክስ የተባለው ትልቅ ገበያ ክፍያ አቁሞ፥ በ11ኛው ቀን በአሜሪካ ፍርድ ቤት ኪሳራ አስታወቀ። በዚህም የቀኑ ጥያቄ እንደገና ተነሣ። የደንበኞቹ ድርሻ ኪሳራው በተመዘገበበት ቀን ዋጋ በዶላር ተሰላ፤ ያን ቀን አንድ ቢትኮይን 17,000 ዶላር ያህል ነበር። በኦክቶበር 2024 የክፍያው ዕቅድ ሲጸድቅ ግን ዋጋው ከ60,000 ዶላር አልፎ ነበር። ስለዚህ ብዙዎቹ ደንበኞች በዶላር ሒሳብ ከነወለዱ ተመለሰላቸው ቢባልም፥ በሳንቲም ሒሳብ ካስረከቡት የሚበዛውን አጡ። በቶኪዮ ባለገንዘቦቹ ተከራክረው ሳንቲም አገኙ፤ በአሜሪካ ግን በዶላር ብቻ ተከፈላቸው። ሁለቱን ስናነጻጽር፥ ኬላው ከተዘጋ በኋላ የቁጠባውን ዋጋ የሚወስነው ገበያው ሳይሆን ዳኛውና የአገሩ ሕግ መሆኑን እናያለን።

፭. መንግሥታትና ኬላው

እስካሁን ያየነው ኬላውን የያዙት ድርጅቶች የሆኑበትን ጊዜ ነው። መንግሥታትም በበኩላቸው በባንክ በኩል ኬላውን ይይዛሉ። በደቡብ ኮሪያ በ2017 መጨረሻና በ2018 መጀመሪያ የቢትኮይን ዋጋ በአሜሪካ ካለው በ40 በመቶ ያህል የሚበልጥበት ጊዜ ነበር። ነጋዴ ከአሜሪካ ገዝቶ በኮሪያ በመሸጥ ልዩነቱን ለምን አላጠፋውም ቢባል፥ በኮሪያ ገንዘብ የተገኘውን ትርፍ ወደ ውጭ ለማውጣት የውጭ ምንዛሪ ሕግ ስለሚከለክል ነው። አልቫሬዝ በአሞሌ ያየውን እኛ እዚህ በቢትኮይን እናየዋለን። ሳንቲሙ በአንድ ሰዓት ውስጥ ዓለምን ይዞራል፤ ሕጉ ግን እንደ በረሃ መንገድ ሩቅ ነው።

ቻይና በሴፕቴምበር 2017 በአገሯ ያሉት ገበያዎች እንዲዘጉ አደረገች፤ በሴፕቴምበር 2021 ደግሞ ማናቸውም የክሪፕቶ ንግድ ሕገ ወጥ መሆኑን አስታወቀች። የናይጄሪያ ማዕከላዊ ባንክ በፌብሩዋሪ 2021 ባንኮች የክሪፕቶ ነጋዴዎችን ሒሳብ እንዲዘጉ አዘዘ። ንግዱ ግን አልቆመም፤ ሰው ለሰው ወደሚደረግ ልውውጥ ተዛወረ። በዚህ ልውውጥ አንዱ ሳንቲም ያስተላልፋል፥ ሌላው ከግል ሒሳቡ ናይራ ይልካል። መጠበቂያ የሌለው መንገድ ስለ ሆነም ከማያውቁት ሰው የተላከ ገንዘብ የተሰረቀ ሆኖ ቢገኝ የተቀባዩ ሒሳብ ይታገዳል። ባንኩ በዲሴምበር 2023 እገዳውን አነሣ።

«ወደ መደበኛ ገንዘብ መለወጥ ለምን ያስፈልጋል? ቢትኮይኑ ራሱ መደበኛ ገንዘብ ቢሆን ችግሩ ይወገዳል» የሚል ክርክር ሊነሣ ይችላል። ኤል ሳልቫዶር ይህን ሞክራለች። በሴፕቴምበር 7 ቀን 2021 ቢትኮይን ከዶላር ጋር ሕጋዊ መክፈያ እንዲሆን ተደረገ፤ ቺቮ የተባለውን የመንግሥት አገልግሎት ለሚጠቀም ዜጋ 30 ዶላር የሚያህል ቢትኮይን በስጦታ ተሰጠ። ነገር ግን መንግሥቱ ራሱ ቢትኮይን የተከፈላቸው ሰዎች ወዲያውኑ ወደ ዶላር እንዲለውጡ 150 ሚሊዮን ዶላር መድቦ ነበር። ይህ መጠባበቂያ የሚያስረዳው ኬላው እንዳልተወገደ፥ መንግሥት ራሱ በረኛ እንደ ሆነ ነው። ብዙ ሰው ስጦታውን ካጠፋ በኋላ አገልግሎቱን ተወው። ከዓለም የገንዘብ ድርጅት ጋር በዲሴምበር 2024 ስምምነት ከተደረገ በኋላ፥ በጃንዋሪ 2025 ሕጉ ተሻሽሎ ቢትኮይን መቀበል በፈቃድ ብቻ እንዲሆን ተደረገ። ከኢጣልያኖች ሊሬ የተማርነው ሁለተኛው ነገር እዚህ ተደገመ፤ ሕግ ብቻውን እምነትን አይተካም።

፮. በአገራችን ያለው ሁኔታ

የኢትዮጵያ ብሔራዊ ባንክ በጁን 2022 ባወጣው ማስታወቂያ በአገሪቱ ሕጋዊው መክፈያ ገንዘብ ብር ብቻ መሆኑንና በክሪፕቶ መገበያየት ያልተፈቀደ መሆኑን አስጠነቀቀ። በዚያው ዓመት የኢንፎርሜሽን መረብ ደኅንነት አስተዳደር በክሪፕቶ ሥራ የተሠማሩ ሁሉ እንዲመዘገቡ ጠየቀ። በሌላ በኩል የኢትዮጵያ ኤሌክትሪክ ኃይል ቢትኮይን ለሚያወጡ፥ በአብዛኛው የቻይና ለሆኑ፥ ኩባንያዎች ኃይል በውጭ ምንዛሪ እየሸጠ ገቢ አግኝቷል።

ይህን ሁለት ገጽታ ያለው ሁኔታ በተመረመረው ታሪክ ብርሃን ስናየው ትርጉሙ ይገለጣል። በ2009 የመጀመሪያው የቢትኮይን ዋጋ የተሰላው ከኤሌክትሪክ ሒሳብ እንደ ነበረ አይተናል። ኢትዮጵያ የምትሸጠው ያንን ኤሌክትሪክ ነው፤ ዋጋውንም የምትቀበለው በዶላር ነው። የሳንቲሙ ዋጋ የመውጣትና የመውረድ ጣጣ፥ ወደ ገንዘብ የመለወጡም ችግር፥ በቅድሚያ የሚወድቀው በኩባንያዎቹ ላይ ነው። በመሆኑም ድርጅቱ ኬላውን ሳይነካ ገንዘቡን ያገኛል። ቁጠባውን በክሪፕቶ ያስቀመጠ ኢትዮጵያዊ ግን እንዲህ ያለ ዕድል የለውም። ማስታወቂያው በወጣበት ሁኔታ ሳንቲሙን ሰጥቶ ብር የሚቀበልበት የታወቀ ገበያ ስላልተከፈተለት፥ የቀረለት መንገድ ናይጄሪያውያን በእገዳው ዘመን የሄዱበት የሰው ለሰው መንገድ ነበር። በዚያ መንገድ ላይ የተታለለ ሰው አቤቱታውን የሚያቆምበት መሠረት ደካማ ነው፤ ልውውጡ ራሱ ያልተፈቀደ ነውና። እንዲህ ያለ ሰው ሰሌዳ ላይ የሚያየው ቁጥር የኒው ዮርክ ወይም የሲንጋፖር ቁጥር ነው፤ አዲስ አበባ ላይ በእጁ የሚገባው ደግሞ ሌላ ነው።

መደምደሚያ

ከ2009 እስከ 2025 ያለውን ታሪክ ስንመለከት፥ ክሪፕቶን ወደ መደበኛ ገንዘብ መለወጥ አንድ ሥራ ሳይሆን ሦስት መሆኑን እናገኛለን፤ መሸጥ፥ ተቀባይ ሆኖ መጻፍና ገንዘቡን በእጅ ማግባት። በማውንት ጎክስም ሆነ በኤፍ ቲ ኤክስ የተጐዱት ደንበኞች የተጐዱት በሁለተኛውና በሦስተኛው መካከል ቆመው ሳሉ ነው። ቁልፋቸውን በእጃቸው ይዘው የቆዩ ሰዎች ከነዚህ ኪሳራዎች መዳናቸው እውነት ነው፤ ይሁን እንጂ ገንዘቡ ባስፈለጋቸው ቀን እነርሱም ወደዚያው ኬላ መምጣታቸው አይቀርም።

ከዚህ ጥናት ለቈጣቢው የሚተርፍ ምክር ቢኖር፥ በእኛ አስተያየት፥ ሀብቱን ሲቈጥር ሦስት ጥያቄዎችን እንዲጨምር ነው። ይህን ቁጠባ የምለውጠው የት ነው? በመካከል የሚቆመው ማን ነው? እርሱ ቢዘጋብኝ በየትኛው አገር ሕግና በየትኛው ቀን ዋጋ እዳኛለሁ? እነዚህን ሦስቱን መመለስ የማይችል ሰው የያዘው ቁጥር ሐሰት ነው አንልም። ነገር ግን ገና በመንገድ ላይ ያለ ሲራራ ነው፤ አሞሌውን ጭኖ የተነሣ ነጋዴ ገበያ ከመድረሱ በፊት ትርፉን እንደማይቈጥር ሁሉ፥ እርሱም ኬላውን እስኪያልፍ ድረስ ሒሳቡን ባይዘጋ ይሻለዋል።